መጀመሪያ መስኮቱ ይከፈት

እስቲ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ የመስታወት ሕንፃ ግቡ። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ካርቶን የለጠፈም አይጠፋም። ስለተጋረደ በጠራራ ፀሐይ አምፖል በርቷል። መስኮቱ አይከፈትም። መብራት ሲጠፋ ሠራተኛው አየር ፍለጋ ኮሪደር ይወጣል። ይህ ሁሉ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ማታ ጋቢ በሚያስፈልግበት ከተማ!

አሁን ደግሞ «ኔት ዜሮ» መጣ፤ ሕንፃው በዓመት የሚጠቀመውን ያህል ኃይል ራሱ ያመንጭ ነው ነገሩ። መልካም። የኛ ባለሀብት ግን ወዲያው ጣሪያ ላይ ሶላር መደርደር ነው የሚታየው። ወንድሜ፣ ባለ 20 ፎቅ ሕንፃ ጣሪያው አንድ ነው! የ20 ወለል ኤሲ በሱ አይነዳም። መጀመሪያ ፍጆታው ይውረድ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች በሰሜንና በደቡብ በኩል አጭር ጥላ ይበቃል። የምዕራቧ ግን ዝቅ ብላ ነው የምትገባው፤ እዚያ ግድግዳ እንጂ መስታወት ምን ይሠራል?

ሐራሬ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተው ኢስትጌት ሕንፃ የተለመደው ኤሲ የለውም። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር እያስገባ ኮንክሪቱን ያበርዳል፤ ቀን በዚያው ይውላል። ኔት ዜሮ ነው አላልኩም። ግን ሐራሬ ከኛ ዝቅ ያለች ከተማ ናት፤ እነሱ ከቻሉ እኛን ምን ያዘን?

«መብራታችን ከውሃ ነው፣ ንፁህ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ላብ ያጠመቃት ጸሐፊ ግን ኃይሉ ከየት እንደመጣ ምን ገዷት?

ቢሮ ልትከራዩ ስትሄዱ ጠዋት አትሂዱ። 10 ሰዓት ላይ ሂዱና ምዕራብ በኩል መስኮቱ ሥር ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ከዚያ ስለ ዋጋ አውሩ።