ለቤት ሥራ የሚሆን ተንቀሳቃሽ ሞርሳ

ከሞጆ ወደ መቂ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዓለም ጤና ከተማ የሚኖር፥ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ አንድ ወዳጄን ባለፈው በጋ ልጠይቅ ሄጄ ሳለ፥ ለጓሮው ውኃ መሳቢያ የሚሆን የብረት ቱቦ በመጋዝ ሲቈርጥ አገኘሁት። ቱቦውን በድንጋይ ላይ አስተኝቶ በአንድ እግሩ ረግጦታል፤ ጫፉንም የዐሥር ዓመት ልጁ በሁለት እጁ ይዞለታል። ወዲያው ቱቦው ዞረ፤ መጋዙም ተንሸራትቶ የልጁን አውራ ጣት ቈረጠው። ቍስሉ፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ጥልቅ አልነበረም። ነገር ግን እናቲቱ ጣቱን በነጠላዋ ጫፍ እያሰረች፥ «ጌታዬ፥ ሦስተኛ እጅ ካስፈለገዎ የብረት ይግዙ እንጂ የልጄን አይውሰዱብኝ» ብላ የተናገረችው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

የብረት እጅ የተባለው ሞርሳ ነው። ስሙን ከኢጣልያኖች ወስደነዋል። ሥራውም በሁለት መንጋጋ መካከል የገባውን ዕቃ በብሎን ኃይል አጥብቆ መያዝ ነው፤ መያዣው አንድ ጊዜ ሙሉ ሲዞር መንጋጋው የሚሄደው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለ ሆነ፥ ትንሹ የክንድ ኃይል በመንጋጋው ላይ እጅግ ብዙ ይሆናል። ችግሩ ግን ሞርሳ ከባድ ጠረጴዛ መፈለጉ ነው። በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ሥራውም አንድ ቀን በጓሮ፥ አንድ ቀን ጋሪ በተሰበረበት በመንገድ ዳር ነው።

ስለዚህ በማግሥቱ ወደ በያጅ ሄድን። የጭነት መኪና ቸርኬ ለአንድ ሰው ስለሚከብድ የትንሽ መኪና አሮጌ ቸርኬ ገዛን። በመካከሉ ወፍራም ቱቦ ቀጥ አድርጎ በየደልን፤ በቱቦውም ራስ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዝርግ ብረት በየደና በትራፓኖ በሳው። ሞርሳውን በዚያ ላይ በብሎን፥ በሮንዴላና በዳዶ አሰርነው። የማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ከዝርጉ ብረት ጠርዝ ጥቂት ወጣ ማለት አለበት፤ ይህ ካልሆነ ረጅም ዕቃ ወደ ታች አቁሞ መያዝ አይቻልም። ከቸርኬው በታች፥ ከጠርዙ ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ፥ ሦስት ዳዶዎች በየደ፤ ሦስት እግር በጐረበጠ መሬት ላይ አይወዛወዝምና። ሲሠሩ በቸርኬው ላይ አሸዋ የሞላ ከረጢት ይጭናሉ፤ ሲሄዱ አሸዋውን ደፍተው፥ ጋደል አድርገው እንደ ጐማ ያንከባልሉታል።

ቁመቱ ብዙ አከራከረን። ደንቡ ቆሞ ክንዱን ላጠፈ ሰው የመንጋጋው ራስ ከክርኑ ጋራ እኩል እንዲሆን ነው፤ ወዳጄ ግን ረጅም ነው። ለልጁ መቆሚያ የሚሆን ሣጥን ተሠራለት።

በእንግሊዝ አገር ሮን ሂክማን የሚባል የመኪና ነዳፊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. እንጨት ሲቈርጥ እንጨቱን ያስደገፈበትን ውድ ወንበር አብሮ ቈረጠው። ከዚህ የተነሣ ታጥፎ የሚሸከሙትን የመያዣ ጠረጴዛ አሰበ። ብዙ ድርጅቶች አይሸጥም ብለው መለሱት፤ ብላክ ኤንድ ዴከር ግን በ1972 ዓ.ም. መሥራት ጀመረና በብዙ ሚሊዮን ተሸጠ። የኛው ወዳጅ ጎረቤቶች ግን ባለ ሥልጣን ሞረድ መያዙን አይተው ሳቁ። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ ያስነገሩለት ሥራ ዛሬ ማስሣቁ ያሳዝናል።

ስለ አያያዙ ይህን ላስታውስ። መያዣውን በመዶሻ መምታት፥ ቱቦ ቀጥሎም ማጥበቅ አይገባም፤ ብዙው ሞርሳ ቀልጦ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ስለ ሆነ ሳይጐብጥ ይሰበራል። እንጨት ሲይዙ በመንጋጋዎቹ መካከል ስስ ጣውላ ያግቡ። በዚያ አገር አቧራው ብዙ ስለ ሆነ፥ ብሎኑን በብሩሽ ሳይጠርጉ ዘይት ቢቀቡት ዘይቱ ከአቧራው ጋራ ተለውሶ ጥርሱን ይበላዋል።

ልጁ ጣቱ እስኪድን ድረስ አልቀረበም። የመጀመሪያው ሥራ በወይዘሮዋ ትእዛዝ እግሩ የወለቀው ረከቦት ሆነ፤ መጋዙንም የያዘችው እርሷ ናት።