ትምህርታችን ከገበያችን ይታረቅ!

የተከበራችሁ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ መራጮች፣

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርትን ከምርትና ከሙያ ጋር አቆራኛለሁ ብሎ ነበር። የ2015ቱ ፖሊሲም ይህንኑ ቃል ደግሟል። ልጆቻችን ግን ዛሬም የገበያን ትርጉም ለፈተና ይሸመድዳሉ እንጂ አንድ ምርት ለማን፣ በምን መልክ፣ በስንት ዋጋ እንደሚቀርብ ማቀድን አይማሩም። ይባስ ብሎ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የተቀሰቀሰው ጦርነት የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር ዘግቷል።

የጃቢ ጠህናንና የቡሬ በርበሬ አብዛኛው ሳይለይ፣ ሳይፈጭ፣ ሳይታሸግ በጆንያ ተጭኖ ይሄዳል። ድካሙ የገበሬው፣ ትርፉ የደላላው ነው። በ2013 ዓ.ም. የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ገዥው ፓርቲ ሪባን ቆርጦ ምስጋና ጠየቀን። ሕንፃ ግን ምርት አያቅድም፤ የሚያቅደው የተማረ ሰው ነው።

ስለሆነም ፓርቲያችን ከተመረጠ፦

1. የተዘጉ ትምህርት ቤቶች በሰላም እንዲከፈቱ ከሁሉ አስቀድመን እንሠራለን።

2. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የምርት ዕቅድ በተግባር ይሰጣል። ተማሪዎች በገበያ ቀን ወርደው ሸማቹን ይጠይቃሉ፤ የጥሬ ዕቃውን፣ የማስፈጫውን፣ የማሸጊያውንና የማጓጓዣውን ወጪ ያሰላሉ፤ ጥቂት በርበሬ አሽገው ይሸጣሉ፤ ካልተሸጠም ምክንያቱን መርምረው ዕቅዳቸውን ያርማሉ።

3. መምህራን ለዚህ ይሠለጥናሉ፤ ነጋዴዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ልምዳቸውን በክፍል ያካፍላሉ።

ይህ ቅንጦት አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ የአባቱን ጆንያ ደላላ በቆረጠለት ዋጋ የሚያስረክብ ትውልድ ይበቃናል! ድምፃችሁን ስትሰጡ ልጆቻችሁን አስቡ!