የከብቱን ደም መመርመር የሰውንም ጤና መጠበቅ ነው

በቆላማ አካባቢ የሚኖር ከብት አርቢ ገንዲን ያውቀዋል። የቆላ ዝንብ ስትነክስ የምታስተላልፈው፣ በሬውን ከእርሻ የሚያስቀር፣ ላሟን የሚያከሳና ጽንስ የሚያስወርድ በሽታ ነው። መንስኤው ትሪፓኖሶም የተባለ በደም ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ተሕዋስ ነው።

ብዙዎቻችን ገንዲን የእንስሳት ሐኪም ጉዳይ ብቻ አድርገን እናየዋለን። ሆኖም ከተሕዋሱ ዓይነቶች አንዱ በዝንቧ አማካይነት ከከብት ወደ ሰው ተላልፎ የእንቅልፍ በሽታ ያስከትላል። በሽታው ካልታከመ ይገድላል። በአገራችን ለ30 ዓመት ገደማ ሳይታይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2022 በጋሞ ዞን በሰዎች ላይ ዳግም መከሰቱ ይታወሳል።

በማይክሮስኮፕ የሚደረገው የተለመደ ምርመራ ሁለት ድክመቶች አሉበት። በደም ውስጥ ያለው ተሕዋስ ጥቂት ሲሆን ሊያመልጠው ይችላል። ሰውን የሚይዘውንም ዓይነት ሰውን ከማይነካው የቅርብ ዘመዱ አይለይም፤ ሁለቱ በመልክ አንድ ናቸው። የሚለዩት በዘረመላቸው ነው።

ፈጣን ሞለኪውላር ምርመራ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በጃፓን ተመራማሪዎች ይፋ የተደረገው ላምፕ የተባለው ዘዴ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለ አንድ ወጥ ሙቀት ስለሚሠራ፣ ውድ የፒ ሲ አር መሣሪያ አይጠይቅም። ውጤቱም በአንድ ሰዓት ገደማ ይታወቃል። እርግጥ ነው፣ ከሕክምና በኋላም የሞተ ተሕዋስ ቅሪት ለጊዜው ሊገኝ ስለሚችል ውጤቱን ባለሙያ ሊተረጉመው ይገባል።

ምርመራ በሌለበት አርቢው መድኃኒት ከገበያ ገዝቶ በግምት ይሰጣል። ይህም ተሕዋሱ መድኃኒቱን እንዲላመድ ያደርጋል። ስለዚህ ምርመራው በጥናት ማዕከላት ተወስኖ መቅረት የለበትም፤ ዝንቧ ወዳለችባቸው ወረዳዎች ሊደርስ ይገባል። የከብቱ ውጤትም ለጤና ጣቢያው ፈጥኖ ይነገር።

አንባቢያንስ? ከብትዎ ከከሳ፣ ካተኮሰው ወይም ወተቱ ከቀነሰ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ያስመርምሩት። ሕክምና ከተሰጠው በኋላ ወተቱንና ሥጋውን መቼ መጠቀም እንደሚቻል ሐኪሙን ይጠይቁ። ዝንቧ ባለችበት አካባቢ ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ ሰማያዊና ጥቁር ቀለም ስለሚስባት ያስወግዱ። ከንክሻ በኋላ ትኩሳት፣ ራስ ምታት ወይም የንክሻ ቦታ ቁስለት ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ የወባ ምርመራው ነጻ ቢልዎትም በዝንብ መነከስዎን ለሐኪሙ ይንገሩ።