ለጥቂቶች ብቻ የሚሠራ አውቶሞቢል

በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢያችንን ተከናንበን ስንጨዋወት፥ አውቶሞቢል ከምንወድ ተማሪዎች መካከል አንድ ጥያቄ ዘወትር ይነሣል። ይኸውም፥ ፈጣኑ አውቶሞቢል ስለምን ለጥቂቶች ብቻ ይሠራል? የሚል ነው።

ቀድሞ መቀመጫቸው አንኮበር የነበረው ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያይቱን አውቶሞቢል ሲቀበሉ፥ በአገሩ ሌላ አልነበረም። ብርቅ ያደረጋት ነገሩ ገና አዲስ መሆኑ ነው። የዛሬው ግን ሆን ተብሎ ነው። ፌራሪ እ.ኤ.አ. በ2013 «ላፌራሪ» የተባለውን አውቶሞቢል 499 ብቻ እንደሚሠራ አስታወቀ፤ ገዢዎቹንም ራሱ መረጠ። ስለዚህ ገንዘብ ያለውም እንኳ ካልተመረጠ ቀረ።

ባለ ዕቃ ለወደደው መሸጥ መብቱ ነው የሚለን ይኖራል። እውነት ነው። እኛን የሚያሳዝነን ግን፥ እንዲህ ካሉት አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ ዋጋቸው እንዳይቀንስ ተሸፍነው መቆማቸው ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል፤ የማያደርስ ፈረስ ታዲያ ለምን ይቀለባል?

እንግዲህ አውቶሞቢሉ ቢቀርብን ዕውቀቱ አይቅርብን። መምህራኖቻችን ሆይ፤ ፈትተን የምንገጥመው አንድ አሮጌ ሞተር ይፈለግልን። ዕውቀት እንደ ላፌራሪ በ499 አይወሰንም።