እንቅልፍ የሚመስል ሞት

ኦክቶበር 23 ቀን 2002 ምሽት፣ አርባ ያህል የታጠቁ ቼቼኖች ሞስኮ ውስጥ ዱብሮቭካ በሚባል ሰፈር ወደሚገኝ ቲያትር ቤት ገብተው ከ800 በላይ ሰዎች አገቱ። ኦክቶበር 26 ንጋት ላይ የሩሲያ ልዩ ኃይል በአየር ማስተላለፊያው ቱቦ ስሙ ያልተነገረ ኬሚካል ለቀቀ። አጋችም ታጋችም ባለበት ተዘረረ። አጋቾቹ ተገደሉ። ከታጋቾቹም 130 ሞቱ፤ አብዛኞቹን የጨረሳቸው ጥይት ሳይሆን ያው ኬሚካል ነበር።

የሚያስቆጨው ማርከሻ መኖሩ ነው። ናሎክሶን የተባለው መድኃኒት በጊዜ ከተሰጠ የደከመውን ትንፋሽ ይመልሳል። ሐኪሞቹ ግን የተለቀቀው ምን እንደሆነ በሰዓቱ አልተነገራቸውም። የሩሲያ ጤና ሚኒስትር የፌንታኒል ዘር መሆኑን የገለጡት ከአራት ቀን በኋላ ነው። የእንግሊዝ ሳይንቲስቶችም ከአደጋው የተረፉ ሰዎችን ልብስና ሽንት መርምረው ካርፌንታኒልና ሬሚፌንታኒል መሆኑን በ2012 አሳወቁ። ካርፌንታኒል ዝሆን ለማስተኛት የሚያገለግል፣ በኃይሉ ሞርፊንን 10,000 ጊዜ ያህል የሚበልጥ፣ በፋብሪካ የሚሠራ መድኃኒት ነው።

ዛሬ ወታደሮችን የሚያሰጋው ይኸው ነው። የቆዩት የመርዝ መመርመሪያ መሣሪያዎች በአብዛኛው የተሠሩት እንደ ሳሪን ያሉ የነርቭ መርዞችን ትነት ለመያዝ ነው። ካርፌንታኒል ግን ዱቄት ነው፤ አይተንም ማለት ይቻላል። አየር ላይ የሚንሳፈፈው እንደ ጭስ የደቀቀ ብናኝ ሆኖ ስለሆነ፣ ትነት የሚጠብቀውን መሣሪያ አልፎ ሊሄድ ይችላል። ብናኙን በማጣሪያ ሰብስቦ፣ በሙቀት አትንኖ መመርመር ያስፈልጋል። ጥሩ ጭምብል ብናኙን ያግዳል፤ ወታደሩ ጭምብሉን የሚያጠልቀው ግን አደጋውን ካወቀ ነው።

መሣሪያው ዝም ካለ የሚቀረው የሰው ዓይን ነው። በሁለቱም መርዞች የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠብባል። ነገር ግን የነርቭ መርዝ ያገኘው ሰው ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ያልበዋል፣ ይንዘፈዘፋል። ኦፒዮይድ ያገኘው ጸጥ ብሎ ያሸልባል፤ ትንፋሹ እየተራራቀ ሄዶ ይቆማል። ለመጀመሪያው የሚሰጠው አትሮፒን ሁለተኛውን አያድንም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2022 ለወታደሮችና ለኬሚካል አደጋ ሠራተኞች 10 ሚሊግራም ናሎክሶን የያዘ መርፌ የፈቀደው ለዚህ ነው።

የኬሚካል ጦር መሣሪያ እገዳ ስምምነት አባል አገሮችም በዲሴምበር 2021 ሄግ ላይ በድምፅ ብልጫ እንደወሰኑት፣ እንዲህ ያለውን አደንዛዥ ብናኝ ለፖሊስ ሥራ እንኳ መርጨት ከስምምነቱ ጋር አይጣጣምም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በሞስኮ መድኃኒቱ ነበረ፤ የጠፋው የበሽታው ስም ነው።