ተዋናዩ ምን ያድርግ?

አንድ ቴአትር ሲወድቅ በቅድሚያ የሚወቀሰው ፊቱ የታየው ሰው ነው። ድርሰቱን የጻፈው ከመጋረጃ በስተጀርባ ነው፤ በጀቱን የቆረጠው ከቢሮው አልወጣም፤ የልምምዱን ጊዜ ያሳጠረው ስሙ በማስታወቂያው ላይ አልሰፈረም። ብርሃኑ ውስጥ ቆሞ የሚገኘው ተዋናዩ ብቻ ስለሆነ ድንጋዩ ሁሉ ወደ እሱ ይወረወራል። ይህን ልማድ ሂስ ብለው የሚጠሩት አሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን የሂስ ስንፍና ነው ይላል።

ለክርክሩ መነሻ የምናደርገው ጉዳይ ከአገራችን ውጭ የተፈጸመ ነው። የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. እ.ኤ.አ. በ1963 «ዶክተር ሁ» የተባለ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን ማሳየት ጀመረ። ባለታሪኩ በጊዜና በጠፈር የሚጓዝ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ሲሆን፣ ሞት ሲቀርበው አካሉ ታድሶ በሌላ ሰው መልክ ይነሣል። በዚህ ብልሃት መሪ ተዋናዩ እየተለወጠ ድራማው ከ1989 በኋላ ለዓመታት ቢቋረጥም በ2005 ተመልሶ ስድሳ ዓመቱን አልፏል። ተመልካቹም እንደ ነገሥታት ዜና መዋዕል «የእገሌ ዘመን፣ የእገሊት ዘመን» እያለ ይከፋፍለዋል።

ዛሬ ክርክር የበዛበት የሹቲ ጋትዋ ዘመን ነው። ጋትዋ በ1992 በሩዋንዳ ተወለደ፤ በ1994ቱ የዘር ማጥፋት ወቅት ቤተሰቡ ተሰዶ በስኮትላንድ አደገ፤ ትወናንም በግላስጎው ተማረ። በ2023 መጨረሻ ሚናውን ሲረከብ የድራማው የመጀመሪያው ጥቁር መሪ ተዋናይ ሆነ። 18 ክፍሎችን በመሪነት ተጫውቶ በ2025 ተሰናበተ። በዚያው ዓመት ከቢ.ቢ.ሲ. ጋር በሽርክና ይሠራ የነበረው የአሜሪካው ዲዝኒ ከሥራው ወጣ። ፍርዱም ወዲያው ተሰማ፤ «ዘመኑ ከሸፈ፤ ያከሸፈውም እሱ ነው።»

ፈራጆቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ቆዳውን አይቶ የፈረደ ነው። ማስረጃዬ የሚለው የተመልካቹን ቁጥር መቀነስ ሲሆን፣ ቁጥሩ መውረድ የጀመረው ግን ጋትዋ ሳይመጣ፣ ነጮች በመሪነት ሲጫወቱ ሳለ መሆኑን አይናገርም። ሁለተኛው «አፍሪካዊ ወንበሩን ይዟል፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?» የሚል ነው። ይህኛው በእኛም ሠፈር ብዙ ነው፤ ነገሩ ፍቅር ስለሚመስል ከፊተኛው ይልቅ ያታልላል። ሦስተኛው ቅን ሐያሲ ነው፤ ነገር ግን የብዕርን ጥፋት ከትወና ጥፋት አይለይም። ክርክሬ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ጋር ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። በ2024 በታየው «ነጥብና አረፋ» በተባለው ክፍል ፊታቸውን በምስል አረፋ ከብበው የሚኖሩ፣ ሁሉም ነጭ የሆኑ የሀብታም ልጆች ከተማ አለ። አውሬ ይበላቸዋል፤ ዶክተሩ ሊያድናቸው ይለምናቸዋል። እነሱ ግን ከእሱ ዓይነት ሰው ጋር ከመሳፈር ሞትን ይመርጣሉ። ጋትዋ በመጀመሪያ ማመን አቅቶት ይስቃል፤ ሳቁ ወደ ጩኸት፣ ጩኸቱ ወደ እንባ ይለወጣል። ቃል በሌለበት በዚያ ቅጽበት የአንድ ሰው ፊት ብዙ ገጽ ድርሰት የማይችለውን ይናገራል።

በ2025 የታየው «ታሪኩና ሞተሩ» ደግሞ የሚፈጸመው በሌጎስ፣ በአንድ ጸጉር ቤት ውስጥ ነው። የጻፈው ኢኑዋ ኤላምስ በናይጄሪያ የተወለደ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ነው። ዶክተሩ ወደዚያ ጸጉር ቤት የሚሄደው በጥቁር አካሉ በሌላ ሥፍራ ያጣውን አቀባበል እዚያ ስለሚያገኝ ነው። ደንበኞቹ ጸጉራቸውን እየተቆረጡ ታሪክ ይተርካሉ፤ ታሪኩም ሞተር ያንቀሳቅሳል። ይህን ክፍል ያየሁት ከሚሴ፣ ከአንድ መምህር ወዳጄ ቤት ነው። በከሚሴ ዋና መንገድ ዳር ጸጉር ቤት ወረፋ እየጠበቀ የባቲን የሰኞ ገበያ ወሬ፣ የቦርከናን ሙላት፣ የጎረቤትን ሠርግ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ሲፈራረቅ የሰማ ሰው ያንን ቤት ለማወቅ አስተርጓሚ አያሻውም። ጋትዋም በዚያ ክፍል እንግዳ አይመስልም፤ አቀማመጡ፣ ሳቁ፣ የአንገቱ አጣጣል እንኳ ተለውጧል። ተዋናዩ ያው ነው። የተለወጠው ብዕሩ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በመሪነት ከተጫወተባቸው 18 ክፍሎች ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት የተሠራለት በስንቱ ነው? በ2024ቱ ተከታታይ ከስምንቱ ክፍሎች በሁለቱ ጥቂት ብቻ ይታያል፤ ከእነዚህ በአንዱ የጎደለው በሌላ ቀረጻ ተይዞ ስለነበር ነው። ይህ የመርሐ ግብር ጉዳይ እንጂ የትወና አይደለም። በ2025ቱ ተከታታይ ቤሊንዳ የተባለችው ነርስ «ወደ ቤቴ መልሰኝ» እያለች ስትሟገት ከርማ፣ በመጨረሻ ድንገት ከመጀመሪያም ልጅ እንደነበራት ተደርጎ ሕይወቷ እንደገና ይጻፋል። ይህንንም የጻፈው ዋናው ደራሲ ራስል ዴቪስ እንጂ ጋትዋ አይደለም።

የጋትዋ የራሱ ጉድለት የለም ማለቴ አይደለም። እንባን አብዝቷል። በ«ነጥብና አረፋ» ልብ የሚሰብረው እንባ በሌሎች ክፍሎች በየምክንያቱ ስለሚወርድ ዋጋው ይቀንሳል። ይህ በእርግጥ የእሱና የአዘጋጆቹ ድርሻ ነው፤ በዚህ ይጠየቅ። በዚህ ብቻ ግን ዘመኑን ሁሉ አናሸክመው።

ይህ ፍርድ ለድራማው አዲስ አይደለም። በ1984 ሚናውን የያዘው ኮሊን ቤከር ጥቁር ልብስ ፈልጎ ነበር፤ ፕሮዲዩሰሩ ግን ቀለሙ ዓይን የሚወጋ፣ በጨርቅ ቁራጭ የተጣጣፈ ካፖርት አለበሰው። በመጀመሪያው ታሪክ ጓደኛውን እንዲያንቅ ተጻፈለት። ሕዝቡ ጠላው። በ1985 ድራማው ለ18 ወር ታገደ፤ በ1986 ቤከር ተባረረ። ካፖርቱን ያሰፋው ፕሮዲዩሰር ግን እስከ 1989 በቦታው ቆየ። ከ1999 ጀምሮ ያው ቤከር ለድምፅ ብቻ በተዘጋጁ ድራማዎች የተሻለ ድርሰት ሲሰጠው ብዙዎች ፍርዳቸውን አነሡ። እኛም ይህን ከራሳችን ቤት እናውቀዋለን። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ድምፁ ከትውልድ ጆሮ ያልጠፋው ታላቅ ድምፅ ከሐዲስ ዓለማየሁ ታላቅ ብዕር ጋር ስለተገናኘ ነው። ያንኑ ድምፅ ለደካማ ጽሑፍ ቢያውሉት ኖሮ ምን እንል ነበር?

አሁን ግለ ሂስ። ከዓመታት በፊት የጻፍኩት አንድ ቴአትር በዚሁ ዞን ታየ። በውስጡ ከጨፋ ሜዳ የመጣ ገበሬ አለ። አማርኛው ተሰባብሮ እንዲያስቅ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሚናውን የያዘው አፉን በአፋን ኦሮሞ የፈታ የከሚሴ ወጣት ነበር፤ «የአካባቢውን ልጅ መሪ አደረግን» ብለንም ተመጻደቅን። በሌላ ከተማ አዳራሹ በሳቅ ይናወጥ ነበር። ከሚሴ ላይ ዝም አለ። ስሟን ለአንዱ ቅኝታችን የሰጠች ባቲን ያቀፈ ዞን፣ በራሱ አዳራሽ መሣቂያ ሆኖ ሲቀርብ ምን ብሎ ይሣቅ? በግምገማው ላይ «ልጁ ሚናውን አልተቆጣጠረውም» ተባለ። እኔም እዚያው ተቀምጬ አልተናገርኩም። ስንወጣ አንድ አዛውንት ከበሩ ላይ ጠብቀው፣ «ልጄ፣ ልጁ ምን ያድርግ? የሰጣችሁትን ነው የተናገረው» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም ተዋናይ ዘመን ከመመዘኔ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የጻፈለት ማን ነው? ምን ያህል ቦታና ጊዜ ተሰጠው? በተሰጠው ላይ ምን ጨመረ? የጋትዋን ዘመን በዚህ ሚዛን ስንመዝነው ተዋናዩ ከተሰጠው በላይ መልሷል፤ የጎደለው አብዛኛው ከሰጪዎቹ ነው። የተለየ ፊት መድረክ ላይ ማቆም የሥራው ጅማሬ ነው፤ ብዕሩ አብሮ ካልመጣ ያው አሮጌ ካፖርት በአዲስ ትከሻ ላይ ይሰቀላል።

ስለዚህ ግምገማ የምትመሩ ካድሬዎች፣ በሪፖርቱ ላይ ከተዋናዩ ስም በፊት የደራሲውን፣ የአዘጋጁንና በጀቱን የወሰነውን ስም አስፍሩ። መምህራን፣ የየትምህርት ቤቱን የኪነት ክበብ ልጆች ስታርሙ በእጃቸው ያለውን ጽሑፍ አስቀድማችሁ አንብቡ። እኛ ደራስያን ደግሞ ስንወቀስ እንድንገኝ ከመጋረጃው እንውጣ። ያ የከሚሴ ወጣት ከዚያ ወዲህ መድረክ አልረገጠም። በዚያ ሪፖርት ላይ የእሱ ስም ተጽፏል፤ የእኔ ግን አልተጻፈም። ዛሬ እዚህ የጻፍኩት በዚያ ቀን መናገር የሚገባኝን ነው።