«ውለዱ ክበዱ» ካልን በኋላ

ባለፈው እሑድ እዚሁ ካኩማ ጎረቤት ቤት ክርስትና ነበር። ዳቦው ተቆርሶ፣ ቡናው ተፈልቶ ጨዋታ ሲደራ አንዲት እናት ጥግ ወደተቀመጠችው ሴት ዞር ብለው «አንቺስ መቼ ነው የምታበይን?» አሏት። ሰው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ትንሽ ቆይታ ውሃ ልቅዳ ብላ ጀሪካን ይዛ ወጣች፤ አልተመለሰችም። በዚያ ሰዓት ቧንቧው ውሃ እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን።

እናትየዋ ክፉ አስበው አይደለም። ሰርግ ላይም «ውለዱ ክበዱ፣ የአብርሃም የሣራ ያድርግላችሁ» ብለን እንመርቃለን፤ ሣራ እስክታረጅ ልጅ እንዳልነበራት ግን ትዝ አይለንም። የሳሙኤልን እናት ሐናን ጣውንቷ የምታበሽቃት ለበዓል ወደ እግዚአብሔር ቤት ሲወጡ ነበር። እያለቀሰች ስትጸልይ ያያት ካህኑ ዔሊም ሰክራለች ብሎ ገሠጻት (ኋላ መርቆ ሸኝቷታል፣ እሱስ እውነት ነው)። ሙስሊም ወንድሞቻችንም የነቢዩ ዘከሪያን ታሪክ ያውቁታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መሠረት ከ6 አዋቂዎች አንዱ ገደማ በሕይወት ዘመኑ ልጅ ለማግኘት ይቸገራል። ሐኪሞች ችግር አለ የሚሉት ባልና ሚስት ያለ መከላከያ 12 ወር ቆይተው ሳይፀነስ ሲቀር ነው። ምክንያቱ ከሴቷ፣ ከወንዱ ወይም ከሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ጭራሽ የማይታወቅበትም ጊዜ አለ። ያልታከመ የአባላዘር በሽታ የማህፀን ቱቦ ይዘጋል፤ የወንዱም ዘር ቁጥሩ ሊያንስ ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ጸበል የምትመላለሰው እሷ፣ ስለት የምትሳለው እሷ፣ ክሊኒክ የምትሰለፈው እሷ። ባል ሆዬ «እኔ ጤነኛ ነኝ» ብሎ ቡና ቤት ቁጭ!

እንግዲህ የነፍስ አባቱም፣ ኢማሙም፣ ፓስተሩም «ጸልዪ» ከማለታቸው በፊት «ሁለታችሁም ተመርምራችኋል ወይ?» ቢሉ ምን ነበረበት? የሚስቱን ቃል ያልሰማ ባል የአባን ይሰማል። ጸበል ይቅር አላልኩም። አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንዲወሰዱ ተናግረው ነበር። ለዚያ ከተፈቀደ ለዚህ ምን ይከለክላል?

ሽምግልናውም እንዲሁ ነው። «አልወለደችልኝም» ብሎ ፍቺ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የራሱን የምርመራ ወረቀት ይጠይቁት። እዚህ ካምፕ ውስጥ የራሽን ካርዱም ፕሮሰሱም አንድ ላይ ነው፤ የተፈታች ሴት የምትገባበት የአባት ቤት የላትም።

ተመርምሮም ተጸልዮም ልጅ ላይመጣ ይችላል። ምስክርነት ላይ የሚቆመው ያገኘ ብቻ ስለሆነ ያላገኘው እምነቱ የጎደለ ይመስለዋል፤ እንዲያውም ፊት ለፊት የሚነገራቸው አሉ። ይህ ቢቀር።

ጀሪካን ይዛ የወጣችውን ሴት ከእሑድ ወዲህ ቤቷ ሄዶ የጠየቃት የለም፤ እኔንም ጨምሮ።